«ግራር» አንድ ዛፍ አይደለም፦ የስምጥ ሸለቆውን እሾሃማ ዛፎች ለይቶ ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

አዳማ፦ ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በቡልቡላ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ አብዝቶ የሚያየው እሾሃማ ዛፍ ግራር ነው። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ፣ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ ለሚያቀናውም መልኩ ብዙ አይለወጥም። በአማርኛ ሁሉንም በአንድ ስም «ግራር» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ዛፎች ተፈጥሯቸው፣ የሚወዱት አፈር፣ ለሰውና ለከብት የሚሰጡት ጥቅም፣ ከተቆረጡ በኋላ የሚተኩበት ፍጥነትም የተለያየ ነው።

ልዩነቱ ለዕፅዋት ተመራማሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ገበሬው ከማሳው መካከል የትኛውን ዛፍ ይተው? ከሰል አክሳዩ ዛሬ የጣለው ዛፍ መቼ ይተካል? በክረምት ችግኝ የሚተክል ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የትኛውን ዝርያ በየትኛው መሬት ላይ ያኑር? የጥያቄዎቹ መልስ የሚጀምረው ዛፉን በእሾሁ፣ በአበባውና በፍሬው ለይቶ ከማወቅ ነው። ይህ ጽሑፍ የግራር ወገን የሚታወቅባቸውን ምልክቶች፣ በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ዙሪያ የሚገኙትን ዋና ዋና ዝርያዎችና የተጋረጠባቸውን አደጋ ያስረዳል።

ስሙን የተነጠቀው ዛፍ

የዕፅዋት ሳይንስ ተዛማጅ ዝርያዎችን በአንድ «ወገን» ሥር ሰብስቦ ይሰይማል። ግራር በዚህ አሰያየም ለረጅም ዘመን «አካሺያ» በሚባል ወገን ሥር ተመድቦ ኖሯል። ስሙን በሳይንሳዊ መንገድ ያወጣው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊፕ ሚለር ሲሆን፣ ዘመኑም በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር 1754 ነበር። የቃሉ ምንጭ «ስለት» ወይም «ሹል ጫፍ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው። ለወገኑ ስም መነሻ ሆኖ የቆየው ዝርያም በአባይ ሸለቆ የሚበቅለውና በአማርኛ ጨባ የሚባለው አፍሪካዊ ግራር ነበር። ስሙ በመጀመሪያ የተሰጠው እንግዲህ ለእሾሃሙ የአፍሪካ ዛፍ ነው።

ከጊዜ በኋላ በዓለም ዙሪያ ከ1,300 የሚበልጡ ዝርያዎች በዚሁ ስም ሥር ተከማቹ። ከእነዚህም ወደ 1,000 የሚጠጉት የአውስትራሊያ ናቸው። ተመራማሪዎች የዝርያዎቹን የዘር ውርስ ሲመረምሩ ሁሉም ከአንድ የቅርብ ግንድ የወጡ እንዳልሆኑ ተረዱ። ወገኑ መከፈል ነበረበት፤ ሲከፈል ግን «አካሺያ» የሚለውን ስም ማን ይውረስ የሚል ክርክር ተነሣ።

በ2005 በቪየና በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ስሙ ለአውስትራሊያዎቹ እንዲሆን የቀረበው ሐሳብ ጸደቀ። ድምፅ ከሰጡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሐሳቡን ተቃውመው ነበር፤ ነገር ግን ሐሳቡን ለመጣል 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ተቃውሞው አልሠመረም። በ2011 በሜልቦርን የተካሄደው ቀጣዩ ጉባኤም ውሳኔውን አጸና። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ የአፍሪካ ግራሮች «ቫቸሊያ» እና «ሴኔጋሊያ» በሚባሉ ሁለት ወገኖች ሥር ይመደባሉ። አንዱ ዝርያ ደግሞ ለብቻው «ፋይደርቢያ» ተብሏል።

የኢትዮጵያን ግራሮች በዝርዝር የመዘገበው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሦስተኛው ቅጽ ነው። ቅጹ በ1989 በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ሲታተም ክፍፍሉ ገና አልጸደቀም ነበርና ከ50 የሚበልጡትን ዝርያዎች በሙሉ በ«አካሺያ» ስም አስፍሯቸዋል። ስለዚህ በቀደሙት መጻሕፍት «አካሺያ ቶርቲሊስ»፣ በአዲሶቹ ደግሞ «ቫቸሊያ ቶርቲሊስ» የሚል ስም ቢገኝ የሚነገርለት ዛፍ አንድ ነው።

የገበሬውና የአርብቶ አደሩ አጠራር ግን በጉባኤ ውሳኔ አልተለወጠም። በተለይ አፋን ኦሮሞ እያንዳንዱን ዝርያ በየስሙ ይጠራል፦ ደደቻ፣ ዋጮ፣ ገርቢ፣ ዶዶታ፣ ላፍቶ። ሳይንስ ዘግይቶ የለያቸውን ዛፎች አብሯቸው የኖረው ሕዝብ ቀድሞ ለይቷቸዋል ማለት ነው።

የሚለይባቸው ምልክቶች

ግራር ከአተር፣ ከባቄላና ከምስር ጋር አንድ ሰፊ የዕፅዋት ቤተሰብ ይጋራል። ዝምድናው የሚታየው በፍሬው ላይ ነው፤ እንደ ባቄላ ሁሉ ዘሮቹን በአንድ ረጅም ሽፋን ውስጥ ደርድሮ ይይዛል።

ቅጠሉ ሁለት ጊዜ የተከፋፈለ ነው። ከዋናው ዘንግ ግራና ቀኝ ትናንሽ ዘንጎች ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ ትንሽ ዘንግ ላይም ደቃቅ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰለፋሉ። ከሩቅ ሲታይ የወፍ ላባ ይመስላል። የቅጠሉ ስፋት እንዲህ መከፋፈሉ በፀሐይ ቶሎ እንዳይግልና ውኃ እንዳያባክን ይረዳዋል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ሲመሽ ደቃቅ ቅጠሎቻቸውን ያጥፋሉ። በአንጻሩ ከአውስትራሊያ ዝርያዎች አብዛኞቹ እሾህ የላቸውም፤ ብዙዎቹም ሲያድጉ የተከፋፈለውን ቅጠል ትተው የቅጠሉን ዘንግ ራሱን አስፍተው እንደ ቅጠል ይጠቀሙበታል።

ወገኑን ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት እሾሁ ነው። በቫቸሊያ ወገን እሾሁ ከቅጠሉ መነሻ በግራና በቀኝ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀጥ ያለና ረጅም ነው። በሴኔጋሊያ ወገን ግን እሾሁ አጭርና እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ሆኖ ከቅርንጫፉ ቆዳ ላይ ይበቅላል። የመጀመሪያው ይወጋል፤ ሁለተኛው ልብስ ይዞ ያስቀራል።

አበባውም ይህንኑ ክፍፍል ይከተላል። እያንዳንዱ አበባ እጅግ ትንሽ ነው፤ ለዓይን የሚታየው ከውስጡ የሚወጡት ብዙ ቀጫጭን የወንዴ ክሮች ናቸው። በአብዛኞቹ የቫቸሊያ ዝርያዎች አበቦቹ ተሰብስበው ክብ ኳስ ይሠራሉ፤ በሴኔጋሊያ ደግሞ እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ ረዘም ብለው ይደረደራሉ። አበባው ክብ፣ እሾሁም ቀጥ ያለ ከሆነ ዛፉን ቫቸሊያ ብሎ መገመት ይቻላል። አበባው ረጅም፣ እሾሁም ቆልማማ ከሆነ ሴኔጋሊያ ነው።

ዝርያውን ለይቶ ለመናገር የሚረዱት ሁለቱ የመጨረሻ ምልክቶች ፍሬውና የግንዱ ልጥ ናቸው። አበባ በሌለበት ወቅት እንኳ ከዛፉ ሥር የወደቀውን ፍሬ አንሥቶ ማየት ብዙውን ጊዜ በቂ ነው።

በስምጥ ሸለቆው የሚገኙት ዋና ዋና ዝርያዎች

ደደቻ ወይም ቫቸሊያ ቶርቲሊስ በቆላውና በወይና ደጋው መካከል ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ በብዛት ይገኛል። ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ቅርንጫፎቹም እንደ ጃንጥላ የተዘረጉ ናቸው። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ረጅምና ነጭ ቀጥ ያሉ እሾሆች ከአጫጭር ቆልማሞች ጋር ተደባልቀው ይገኙበታል። አበባው ነጣ ያለ ክብ ነው። ፍሬው እንደ ምንጭር ይጠቀለላል፤ የዝርያው ሳይንሳዊ ስምም የተወሰደው ከዚሁ መጠማዘዝ ነው። ፍሬው ሳይከፈት ስለሚወድቅ ፍየሎችና በጎች በበጋ ከሥሩ ይለቅሙታል።

ዶዶታ ወይም ቫቸሊያ ኤትባይካ ከደደቻ ጋር በቀላሉ ይምታታል። የእርሱም እሾህ ቀጥ ያለም ቆልማማም ሊሆን ይችላል፤ አበባውም ነጣ ያለ ክብ ነው። የሚለየው በፍሬው ነው፤ የዶዶታ ፍሬ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ እንጂ የተጠቀለለ አይደለም። ደራ ከተማ የሚገኝባት የአርሲ ወረዳም ዶዶታ ትባላለች።

ዋጮ ወይም ቫቸሊያ ሴያል የሚታወቀው በግንዱ ነው። ልጡ አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ሲሆን፣ በእጅ ሲነካ ዱቄት መሰል ነገር ይለቃል። ከዱቄቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ክፍል ቅጠል በሌለበት ጊዜም ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። አበባው ደማቅ ቢጫ፣ ፍሬው እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው። በክረምት ውኃ የሚያቁረውንና በበጋ የሚሰነጣጠቀውን ጥቁር የዋልካ አፈር ይችላል። ንቦችም አበባውን አጥብቀው ይፈልጉታል።

ጨባ ወይም ቫቸሊያ ኒሎቲካ ወንዝ ዳርና ውኃ የሚተኛበትን መሬት ይወዳል። አበባው ቢጫ ነው። ፍሬው በዘሮቹ መካከል እየጠበበ ስለሚሄድ በክር የተሰካ ጨሌ ይመስላል። ልጡና ፍሬው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ስላለበት ቆዳ ለማልፋት ከጥንት ጀምሮ አገልግሏል።

ባዝራ ግራር ወይም ቫቸሊያ አቢሲኒካ ከሸለቆው ወለል ይልቅ ከፍ ያለውን ቦታ ይመርጣል። በአፋን ኦሮሞ ላፍቶ ይባላል፤ የአዲስ አበባው የላፍቶ አካባቢ መጠሪያም ከዚሁ ስም ጋር አንድ ነው። ልጡ እንደ ወረቀት ይላጣል፤ ደቃቅ ቅጠሎቹ እጅግ የበዙና የተጠጋጉ ናቸው።

ከሴኔጋሊያ ወገን ይበልጥ የታወቀው ሴኔጋሊያ ሴኔጋል ነው። ቆልማማ እሾሆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይበቅላሉ፤ መካከለኛው ወደ ታች፣ ሁለቱ ደግሞ ወደ ላይ ይታጠፋሉ። ይህን ምልክት ያየ ሰው ዛፉን ከሌላ አያምታታውም። ልጡ ሲቆስል ቁስሉን የሚሸፍን ሙጫ ያመነጫል። ዓለም አቀፉ ገበያ «ሙጫ አረብ» የሚለው ምርት በዋናነት የሚገኘው ከእርሱና ከዋጮ ነው። ሙጫው ለስላሳ መጠጦችን፣ ከረሜላን፣ መድኃኒትንና የሥዕል ቀለምን ለማዘጋጀት ያገለግላል።

በድርቅ ውስጥ የሚኖርበት ስልት

የስምጥ ሸለቆው ወለል ዝናቡ የሚቆራረጥበት፣ ሙቀቱ የሚጠናበት፣ ከብት የሚበዛበት ምድር ነው። ግራር ሦስቱንም የሚቋቋምበት መንገድ አለው።

የመጀመሪያው ሥሩ ነው። ደደቻን የመሳሰሉት ዝርያዎች አንድ ዋና ሥር ወደ ጥልቁ ይሰድዳሉ፤ ሌሎች ሥሮቻቸውንም በአፈሩ የላይኛው ክፍል ውስጥ ከጥላቸው ስፋት አልፈው ይዘረጋሉ። ጥልቁ ሥር የበጋውን ውኃ ይፈልጋል፤ የላይኛው አጭሩን ዝናብ ይሻማል። ችግኙ ከምድር በላይ አድጎ ሳይታይ ከምድር በታች ብዙ ርቀት የሚጓዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአገር በቀል ግራር ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «አላደገም» ተብሎ የሚነቀፈው ሥሩ ስለማይታይ ነው።

ሁለተኛው ከባክቴሪያ ጋር ያለው ሽርክና ነው። በሥሮቹ ላይ በሚፈጠሩ ጥቃቅን ጉብታዎች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል ንጥረ ነገር ይለውጣሉ። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ይህ ሀብት ወደ አፈሩ ይገባል። ከትልቅ ግራር ሥር ያለው ሣር ከሜዳው ሣር ይልቅ ለምልሞ የሚቆየው በጥላው ብቻ ሳይሆን በዚህም ጭምር ነው።

ሦስተኛው መከላከያው ነው። እሾሁ ፍየልንና ግመልን ጨርሶ አያግዳቸውም፤ ነገር ግን በአንድ ጉርሻ የሚወስዱትን ቅጠል ይቀንሳል። በቦረና ጥቁር አፈር ላይ የሚበቅለው ቫቸሊያ ድሬፓኖሎቢየም ደግሞ ከእሾሁ በተጨማሪ ወታደር ያሠልፋል። የእሾሆቹ መነሻ አብጦ ባዶ ክፍል ይሠራል፤ በውስጡም ጉንዳኖች ይኖራሉ። ዛፉ ቤትና ጣፋጭ ፈሳሽ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ቅጠሉን ሊበላ የመጣውን እንስሳ ይነክሳሉ።

የግራር ዘር ልጡ ጠንካራ በመሆኑ ዓመታት ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል። ፍሬውን የበላ እንስሳ የተወሰነውን ዘር ሳይፈጭ በፋንድያው ያወጣዋል፤ በሆዱ ያለው አሲድም የዘሩን ልጥ ያለሳልሰዋል። ጥንዚዛዎች እንቁላላቸውን በፍሬው ላይ እየጣሉ ዘሩን ከውስጥ ስለሚቦረቡሩት እንስሳው ፍሬውን ቀደም ብሎ መብላቱ ዘሩን ከጥፋት ሊያተርፈው ይችላል። በዚህ መንገድ ከብት የችግኙ ጠላት ቢሆንም የዘሩ ዘሪ ነው።

ገርቢ፦ በክረምት የሚራቆት ዛፍ

ከሞጆ እስከ መቂ ባሉት የጤፍና የስንዴ ማሳዎች መካከል ተራርቀው የሚታዩት ትልልቅ ዛፎች አብዛኞቹ ገርቢ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሙ ፋይደርቢያ አልቢዳ ሲሆን፣ በወገኑ ውስጥ ብቸኛው ዝርያ ነው። እሾሁ እንደ ቫቸሊያ ቀጥ ያለና ጥንድ፣ አበባው ግን እንደ ሴኔጋሊያ ረጅም ነው። ፍሬው ብርቱካናማ ሆኖ እንደ ተላጠ የፍራፍሬ ቆዳ ይጠማዘዛል።

ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው በቅጠሉ ወቅት ነው። ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም ገርቢ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሌላው በበጋ ሲራቆት እርሱ ይለመልማል። ይህ ግልብጥ ልማድ ለገበሬው የተመቸ ነው። ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት ዛፉ ብርሃን አይከለክለውም፤ ውኃም አጥብቆ አይሻማውም። የረገፈው ቅጠልና ከጥላው ሥር የሚያርፉት ከብቶች እበት አፈሩን ያዳብራሉ። በበጋ ደግሞ ለከብት ጥላ ይሆናል፤ ፍሬውም ሣር በጠፋበት ወቅት መኖ ይሆናል። ከገርቢ ሥር ያለው ስንዴ ራቅ ብሎ ካለው የተሻለ እንደሚሆን ገበሬዎች የሚያውቁት ነው፤ በአካባቢው የተደረጉ የግብርና ጥናቶችም ይህንኑ አሳይተዋል።

ይህ ጥቅም ግን ዋስትና የለውም። የገርቢ ቅርንጫፍ ለአጥርና ለማገዶ ይመለመላል፤ በየጊዜው የሚመለመል ዛፍ ፍሬ ለማፍራት ፋታ አያገኝም። ዘር ወድቆ ቢበቅልም ማረሻ ይነቅለዋል፤ ከአዝመራ በኋላ የሚለቀቀው ከብት ይግጠዋል። በማሳው የቆሙት ትልልቅ ዛፎች እያረጁ ከሥራቸው ተተኪ ካልተነሣ ዛሬ ያልተቆረጠው ዛፍ ነገ በእርጅና መውደቁ አይቀርም።

ከሰልና የማይመጣጠነው ሒሳብ

የግራር እንጨት ጠንካራና ከባድ ነው። ከሰሉም ፍሙ የሚቆይ በመሆኑ በከተማ ገበያ ተመራጭ ነው። በስምጥ ሸለቆው አውራ ጎዳና ዳር ተደርድረው የሚሸጡት የከሰል ጆንያዎች የዚህ ፍላጎት ውጤት ናቸው።

የማክሰሉ ሥራ የሚከናወነው በተለምዶ ነው። የተቆራረጠው እንጨት ይከመራል፤ በሣርና በአፈር ይሸፈናል፤ ከዚያም አየር በጥቂቱ እየገባ ለቀናት በዝግታ ይነዳል። በዚህ መንገድ ወደ ከሰልነት የሚለወጠው ከእንጨቱ ክብደት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይቃጠላል ማለት ነው። ቀሪው ጢስና እንፋሎት ሆኖ ይጠፋል።

ጉዳቱ ጎልቶ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ፓርክ የሚታወቀው በሁለቱ ሐይቆቹና በውኃ አዕዋፉ ቢሆንም፣ የብሱ ክፍል በዋናነት የግራር ደን ነበር። ከሰል ማክሰል፣ እርሻ፣ ሰፈራና ልቅ ግጦሽ ደኑን አመናምነውታል። ለከሰል ትልልቁ ዛፍ ቀድሞ ይቆረጣል፤ ዘር የሚሰጠውም ያው ትልልቁ ነው። ከጉቶው ሊያቆጠቁጥ የሚችለውንም ፍየል ደጋግሞ ይቀረጥፈዋል። ደኑ በዚህ ሁኔታ ራሱን ሊተካ አይችልም።

ከሰል ማምረት ሁልጊዜ ደንን ያጠፋል ማለት ግን አይደለም። በአማራ ክልል አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች አካሺያ ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ዝርያ በማሳቸው ይተክላሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጠው ያከስሉታል፤ መሬቱንም መልሰው ይዘሩታል። ዛፉ እንደ ሰብል የሚዘራና የሚታጨድ በመሆኑ የተፈጥሮ ደኑ ከጫናው እፎይ ይላል። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት የዋግ ዓይነት የፈንገስ በሽታ ተክሉን አጥቅቶታል። በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መመካት የሚያስከትለውን ጉዳትም አሳይቷል።

ዲከረንስ እርጥብና ቀዝቃዛ ደጋ ይወዳል፤ በአዳማና በባቱ ቆላማ ሜዳ የደደቻን ቦታ ሊይዝ አይችልም። ደደቻ ደግሞ እንደ ዲከረንስ በጥቂት ዓመታት ለከሰል አይደርስም። ሁለቱንም «ግራር» ወይም «አካሺያ» ብሎ በአንድ ሒሳብ መያዝ በአንዱ ላይ የሠራው ዘዴ በሌላውም ላይ እንደሚሠራ ወደማሰብ ይመራል።

ግራር መሳዩ መጤ

ሌላው የመምታታት ምንጭ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። መገኛው አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በረሃማነትን ለመከላከል በሚል ነበር። በአፋር ሰፊ የግጦሽ መሬት ከያዘ በኋላ በአዋሽ ሸለቆ ወደ ላይ እየተስፋፋ የምሥራቅ ሸዋ ዞን የሆነውን የፈንታሌን አካባቢ ደርሷል።

ፕሮሶፒስም ከዚያው ከአተር ቤተሰብ ነው፤ እሾሃም፣ ቅጠሉም የተከፋፈለ በመሆኑ ከሩቅ ግራር ይመስላል። ቀረብ ብሎ ሲያዩት ግን ይለያል። ደቃቅ ቅጠሎቹ ከግራር ረዘም ያሉ ናቸው። አበባው ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ጅራት ይንጠለጠላል። ፍሬው ሲበስል ቢጫ፣ ሳይከፈት የሚወድቅ፣ ሥጋው የሚጣፍጥ ነው። ቅርንጫፎቹ ከመሬት ጀምሮ ስለሚጠላለፉም ሰውና ከብት የማያሳልፍ ጫካ ይሠራል። ከብት ጣፋጩን ፍሬ በልቶ ዘሩን በሄደበት ሁሉ ይበትነዋል፤ የተቆረጠውም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

አዲስ የበቀለ ችግኝ ፕሮሶፒስ ሲሆን ቶሎ መነቀል፣ ደደቻ ሲሆን ግን መጠበቅ አለበት። ሁለቱን የማይለይ እጅ ወይ መጤውን ያሳድጋል፣ ወይ አገር በቀሉን ይነቅላል።

ለሚተክልና ለሚጠብቅ

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ሰፊ ሕዝብ ለተከላ ያሰማራል። በስምጥ ሸለቆው ለሚተከለው የግራር ችግኝ ከዝርያው ተፈጥሮ የሚነሡ ጥቂት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

መሬቱ ዝርያውን ይወስናል። ለደረቅ አሸዋማ ሜዳ ደደቻ፣ ውኃ ለሚያቁር ዋልካ ዋጮ፣ ለወንዝ ዳር ጨባ፣ ለማሳ መካከል ገርቢ፣ ከፍ ላለው ዳገት ባዝራ ግራር ይስማማሉ።

ዘሩ ሳይዘራ ልጡ መለሳለስ አለበት። ውኃ አፍልቶ ከእሳት ላይ ካወረዱ በኋላ ዘሩን በውስጡ ጨምሮ ውኃው እስኪቀዘቅዝ ማሳደር የተለመደ ዘዴ ነው። ከዘሩ ልጥ ጥቂት መቁረጥም ይቻላል፤ የዘሩ እምብርት ግን መነካት የለበትም።

የችግኙ ሥር ወደ ጥልቁ የሚሮጥ በመሆኑ በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ብዙ ከቆየ ይጠመዘዛል። ተጠምዝዞ የተተከለ ሥር በኋላም ላይቃና ይችላል። ስለዚህ ችግኙ በጊዜው መተከል ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ያለውን መጠበቅ ነው። በብዙ ቦታዎች የግራር ዘር በአፈሩ ውስጥ አለ፤ ጉቶውም ሕይወት አለው። መሬቱ ለጥቂት ዓመታት ከልቅ ግጦሽና ከመጥረቢያ ተከልሎ ቢቆይ ሳይተከል ይበቅላል። በማሳ መካከል ራሱ የበቀለን የገርቢ ችግኝ በእሾህ አጥሮ ከማረሻና ከከብት ማትረፍም ከችግኝ ጣቢያ አዲስ ከማምጣት ያነሰ ድካም ይጠይቃል፤ ሥሩም ከመጀመሪያው በቦታው ነው።

የአዳማ ከተማ ስም ራሱ ቁልቋልን ከሚመለከት የአፋን ኦሮሞ ቃል የመጣ እንደሆነ ይነገራል። በዚህ ምድር ሰው የሚኖርበትን ቦታ በሚያውቀው ዛፍ ስም ሲጠራ ኖሯል። ላፍቶና ዶዶታ ዛሬ የክፍለ ከተማና የወረዳ መጠሪያዎች ናቸው፤ ዛፎቹን አይቶ «ይህ ላፍቶ ነው፣ ይህ ዶዶታ ነው» የሚል ወጣት እንዲኖር ግን ዕውቀቱ ከአረጋውያን ወደ ትምህርት ቤት ግቢና ወደ ችግኝ ጣቢያ መሻገር አለበት። ለመጀመር ከዛፉ ሥር ፍሬ ማንሣት በቂ ነው፦ የተጠቀለለ ከሆነ ደደቻ፣ እንደ ጨሌ የተሰካ ከሆነ ጨባ፣ ብርቱካናማና ጥምዝ ከሆነ ገርቢ።